ጀርባቸውን ለሜዳው የሰጡት ሰው

ራሔል የደወለችልኝ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ነው፤ ፊንስበሪ ፓርክ ቆሜ አውቶቡስ እጠብቅ ነበር። «ትዕግሥት፣ አባዬ አረፈ» አለች። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ሾፌሩ ትገባለች ብሎ ትንሽ አየኝና ዘግቶ ሄደ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ማለት ትዝ ያለኝ እሱ ከታጠፈ በኋላ ነው።

«አልተሰቃየም» አለች ራሔል። «ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ ቤዝቦሉን ሲያይ ነበር። ሻይ ላምጣልህ ስለው፣ ቆይ፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ናቸው አለኝ። ስመለስ እንቅልፍ የወሰደው ነው የመሰለኝ።»

«ጨዋታው አልቆ ነበር?» አልኳት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሐዘንተኛ አይቀርብም፤ ግን አባቷ ጋሽ ደምሴ በእኔ ቦታ ቢሆኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር።

ራሔል ሳቀች። «አልቆ ነበር» አለችኝ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «ለቅሶ ስትመጪ ግን ደብተሩ ላይ የማሳይሽ ነገር አለ። እኔ አልገባኝም።»

ጋሽ ደምሴን ያወቅኋቸው በሥራ ነው። ስታዲየም ውስጥ ብርቱካናማ ጃኬት ለብሶ ከደረጃው ግርጌ የሚገተር ሰው አይታችሁ ይሆናል፤ ስቱዋርድ ይባላል። ሕዝቡ ወደ ሜዳው ሲያይ እሱ ሕዝቡን ያያል። ማን ታመመ፣ ማን ሊደባደብ ነው፣ ማን በሰው ወንበር ተቀመጠ፣ ሥራው ይኸው ነው። ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፤ ጀርባህን ለሜዳው ትሰጣለህ፣ ከኋላህ ምን ቢሆን አትዞርም። ሌላው ሰው ተጋፍቶ የሚያየውን ነገር እኛ ተቀጥረን አናይም።

የመጀመሪያ ቀኔ የእግር ኳስ ቅዳሜ ነበር፣ ዝናብ ያካፋል። ከጎኔ ባለው ደረጃ ሥር አንድ ቀጭን ሽማግሌ ቆመዋል፤ ጃኬቱ ሰፍቷቸው እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፈውታል። ፊቴን አዩና «ይበርዳል አይደል ልጄ?» አሉኝ በአማርኛ። እኔ መልስ ሳልሰጥ «ተዘጋጂ፣ ጎል ሊገባ ነው» ብለው ጨመሩ። ወዲያው ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ወፍራም ሰውዬ ሳንድዊቹን ከአፉ መለሰው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ቆምን። ሰው ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ኳሷን ምን ታደርጊያታለሽ? ሰው እዪ። ኳሷ እዚያው ፊቱ ላይ ናት» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መቆም ይሰለቸኛል፣ ከአንዱ እግሬ ወደ ሌላው እዘዋወራለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ። «ትዕግሥት ብለው ስም ያወጡልሽ ሰዎች በጣም ተቻኩለዋል» እያሉ ይስቁብኛል። እሳቸው ሰዓት አያስሩም ነበር።

የደሴ ልጅ ናቸው። በሃያ ዓመታቸው አስመራ አጎታቸው ዘንድ ሄደው አሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ውስጥ የሜዳ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ሣር ያጭዳሉ፣ አፈሩን ይደለድላሉ፣ በኖራ ነጩን መስመር ያሰምራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወታደሮቹ በዚያ ሜዳ ቤዝቦል ይጫወታሉ። «ዓመት ሙሉ ምን እንደሚያደርጉ አልገባኝም ነበር» ብለውኛል። «አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ ከዚያ ይሮጣል፣ ከዚያ ሁሉም ቆመው ይተፋሉ። አንድ ቀን ግን ቁጭ ባልኩበት ድንገት ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጨዋታ አላማረኝም።»

ከአገር የወጡት በደርግ መጀመሪያ ነው፤ አማርኛቸውም እዚያው ቆሟል። መኪናው «አውቶሞቢል» ነው፣ ትምህርት ቤቱ «ተማሪ ቤት» ነው። ከዚህ ጋር የለንደኑ ተቀላቅሎበት «አውቶሞቢሉ ፓርክ የተደረገበት ተማሪ ቤት» ሲሉ መስማት ለብቻው ያስደስተኛል። በሱዳን አድርገው ለንደን ገቡ፣ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ሲገፉ ኖሩ፣ ጡረታ ወጡ። ከዚያም አርችዌይ ራሔል ቤት ተቀምጦ ማርጀት አስጠላቸውና ስቱዋርድ ሆኑ።

በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር ቀርቷቸዋል። ወታደሮች ሲጫወቱ እንጂ እንጀራቸው ጨዋታው የሆነ ባለሙያዎች ሲጫወቱ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። በሬዲዮ ሰምተዋል፣ ኋላም በራሔል ስልክ፣ ኋላም በራሳቸው ስልክ ተከታትለዋል፤ እያንዳንዱን ጨዋታ በተማሪ ደብተር ላይ ሣጥን ሣጥን እየሠሩ ይመዘግቡ ነበር። «ግን ስልክ ላይ ሜዳው የለም» ይላሉ። «ወርዋሪውንና መቺውን ብቻ ነው የሚያሳዩሽ። ሌሎቹ የት እንደቆሙ አታዪም፤ ማን ወደ ግራ ሁለት እርምጃ ተጠጋ፣ ማን ወደ ኋላ አፈገፈገ። ተንኮሉ ያለው እዚያ ነው እኮ።»

እና አንድ ቀን ሰሙ፤ ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች በሰመር ቅዳሜና እሁድ ለንደን መጥተው ምሥራቅ በኩል ባለው ትልቁ ስታዲየም ሊጫወቱ ነው። ራሔልን ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጠው ወረፋ ያዙ። ወረፋው ደርሷቸው ሲገቡ ትኬቱ አልቋል። ሰው ተስፋ ይቆርጣል ስል በሳምንቱ እኔ ያለሁበት ሼፈርድስ ቡሽ ድረስ መጡ።

«አፕላይ አድርጌያለሁ» አሉኝ። «ስቱዋርድ ይፈልጋሉ። ለአንቺም አፕላይ አድርጌልሻለሁ።»

«ጋሼ፣ ሃምሳ ዓመት የጠበቁትን ጨዋታ ጀርባዎን ሰጥተው ሊቆሙበት?»

«እረፍት አለ» አሉ፣ ጣታቸውን ከፍ አድርገው። «ሃያ ደቂቃ። በእረፍቴ የትም ቆሜ ባይ ማንም አይናገረኝም። ሁሉም ሰው ቶሎ መቀመጥ ስለሚወድ የመጀመሪያውን እረፍት ይሻማል። እኔ የመጨረሻውን ነው የምወስደው። ጨዋታው የሚያልቅበትን ዘጠነኛውን ዙር።»

የዚያን ዕለት ገበያው ውስጥ እየተዘዋወርን ጨዋታውን አስረዱኝ። አንዲት ሴት ከጨርቅ ሻጭ ጋር ትከራከር ነበር፤ ቆመን አየናት። «ወርዋሪና መቺ ማለት ይኸው ነው» አሉኝ። «ሻጩ መጀመሪያ የማይሆን ዋጋ ይጠራል፣ ትቸኩል እንደሆነ ሊያያት። እሷ ዝም ትላለች። የማይረባውን ማሳለፍ አለባት። ጥሩው ሲመጣ ግን ማሳለፍ የለም፤ ሦስት ጊዜ ከሳተች ወይም ጥሩውን ካሳለፈች ወጣች፤ ተራዋ አለቀ።» መስረቅ የሚባለውንም ነገሩኝ፤ ዞሮ እስኪገባ ከሚያልፋቸው ማረፊያዎች አንዱ ላይ የቆመ ሯጭ፣ የወርዋሪው ልብ ወደ መቺው የዞረች ጊዜ ጠብቆ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ይበራል። «መሮጡ አይደለም ሙያው፤ ልቡ መቼ እንደዞረ ማወቁ ነው።»

ከሁሉም የሚወዱት ግን አንድ ነገር ነበር። አጥር አሻግሮ መምታት የሚችል መቺ፣ ዱላውን ዝቅ አድርጎ ኳሷን በቀስታ ያስነካታል። ትንሽ ትንከባለላለች። እሱ ራሱ ይወጣል፣ ሦስተኛው ማረፊያ ላይ የነበረው ጓደኛው ግን ሮጦ ይገባል፤ አንድ ነጥብ ማለት ነው። ይህን ሲያወሩ መዳፋቸውን ወደ ታች አድርገው፣ የተኛ ልጅ ላይ ብርድ ልብስ እንደሚያለብስ ሰው፣ ቀስ አድርገው ያወርዱታል። «ዛሬ ዛሬ ሁሉም ማራቅ ብቻ ሆኗል ምኞቱ» ብለው ያዝናሉ። «ይህችን አንዴ በዓይኔ ባይ፣ ይበቃኝ ነበር።»

ቅዳሜ ደረሰ። አለቃችን ኬቨን የሚባል፣ አንገቱ አጭር፣ ድምፁ ረጅም ሰው ነው። ጠዋት ሰብስቦን ሲያስጠነቅቅ፣ ወደ ሜዳው የዞረ አንዴ ይነገረዋል፣ ሁለተኛም ይነገረዋል፣ በሦስተኛው ጃኬቱን አስረክቦ ወደ ቤቱ ነው አለ። ጋሽ ደምሴ ጠጋ ብለው «ይሄ ሰውዬ ቤዝቦል ያውቃል» አሉኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። እግር ኳስ ላይ ያለው ዓይነት የማያባራ ጩኸት የለውም። ሕዝቡ ያወራል፣ ይበላል፣ ከዚያ ድንገት ጭጭ ይላል፤ ከኋላዬ አንድ ደረቅ «ኳ!» ይሰማና ሺህ አፍ ባንዴ ይከፈታል። የመጀመሪያዋ «ኳ!» ላይ እኔ ሳላውቀው አንገቴ ዞረ። ኬቨን ከማዶ አንድ ጣቱን አሳየኝ።

ጋሽ ደምሴ ግን አልዞሩም። አምላኬን፣ እኔ ተናደድኩላቸው። ሃምሳ ዓመት የጠበቁት ነገር ከጀርባቸው ሃያ ሠላሳ እርምጃ ላይ እየሆነ፣ ስምንት ዙር ሙሉ ፊታቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ቆሙ። ብቻ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «ወርዋሪው ደክሟል፣ ሊቀይሩት ነው» ይሉኛል። እንዴት አወቁ ስላቸው፣ «ጨዋታውን የሚያውቁት ሁሉ ሽንት ቤት ሊሄዱ ተነሱ፤ አዲሱ እጁን እስኪያሟሙቅ ጊዜ አለ» ይላሉ። እውነትም ይቀየራል። ያን ቀን በጀርባቸው ያዩትን ያህል በዓይኑ ያየ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ዘጠነኛው ዙር ሲጀመር ጃኬታቸውን አስተካክለው፣ ኮፍያቸውን አቅንተው ወጡ። ቦታውን አስቀድመው መርጠውታል፤ ከመቺው ጀርባ በኩል ያለው መግቢያ፣ ሜዳው እንዳለ የሚታይበት። አንድ ነጥብ ብቻ ነበር ልዩነቱ። እኔ ባለሁበት ሆኜ ልቤ ይመታል፤ ለኳሱ ሳይሆን ለእሳቸው።

የሆነውን በኋላ ነው የነገሩኝ። መግቢያው ጋ ደርሰው ቀና አሉ፣ ሣሩን አዩ፣ ነጩን መስመር አዩ። ያኔ ከኋላ አንድ እጅ እጅጌያቸውን ያዘ። «የኔ ወንድም፣ አማርኛ ይሰማሉ?»

ነጠላ የለበሱ አሮጊት ናቸው። እማማ አስካለ ይባላሉ። ልጃቸው ጨዋታ ላሳይሽ ብሎ አምጥቷቸው፣ ሽንት ቤት ብለው ወጡ፣ ሲመለሱ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነባቸው። ትኬቱ ልጃቸው ስልክ ውስጥ ነው፤ የእሳቸው ስልክ ቦርሳቸው ውስጥ፣ ቦርሳቸው ወንበሩ ላይ። እንግሊዝኛ አይሰሙም።

«ከተቀመጡበት ሆነው ምን ይታይዎት ነበር?» አሏቸው ጋሽ ደምሴ።

«ከፊታችን ወፍ የመሰለ ልብስ የለበሰ ሰው ይጨፍራል። ከታች ደግሞ አንዲት ያገራችን ልጅ ብርቱካናማ ለብሳ፣ የተቆጣች ትመስላለች፣ ስታፈጥብን ዋለች።»

ያቺ እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሴ ወዲያው ገባቸው። ክንዳቸውን ሰጧቸውና ያን ሁሉ የስታዲየም ዙሪያ፣ በአሮጊት እርምጃ፣ እያሳረፉ መጡ። መንገድ ላይ ከውስጥ ጩኸቱን ሰሙት። ደረጃዬ ሥር ሲደርሱ ጨዋታው አልቋል።

«ለሌላ ሰው አስረክበዋቸው አይመለሱም ነበር?» አልኳቸው። ድምፄ ሳይቆጣ አልቀረም።

«እጄን ይዘውኛል እኮ» አሉኝ። ከዚያ «በምን አለቀ? ድምፁ ምን ይል ነበር?»

«ደረቅ ነበር። ኳ! አለ።»

«ፊታቸውስ?»

«ሁሉም ተነሱ፣ ወደ ላይ አዩ፣ አፋቸውን ከፍተው ቆዩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ግማሹ ተቀመጠ፣ ግማሹ ጮኸ።»

ትንሽ አሰቡ። «አጥሩ ሥር ተይዛለች» አሉ። «ትንሽ ነው የጎደላት።» ፈገግ አሉ፤ እኔ ግን ማልቀስ አማረኝ። «ሣሩን አየሁት» አሉኝ። «መስመሩን ያሰመረው ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም።»

የእማማ አስካለ ልጅ ናትናኤል ወረደ። እዚሁ የተወለደ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ፊቱ ቅን የሆነ ልጅ ነው። እናቱን አቅፎ፣ የጋሽ ደምሴን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ አልለቅም አለ። ጋሽ ደምሴ ቤዝቦል ያውቃሉ ብዬ ስነግረው ዓይኑ በራ። «ጋሼ፣ ነገም ትኬት አለን። ማሚ ነገ አትመጣም፣ ኢትስ ቱ ማች ፎር ኸር። ሲቱ ፍሪ ነው። ከእኛ ጋር ይምጡ!»

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «የለም የለም፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምን ብዬ አስቸግራችኋለሁ?»

«ኦ፣ ኦኬ ጋሼ» አለ ናትናኤል። «ኖ ወሪስ። ቴክ ኬር!» እናቱን ደግፎ ደረጃውን ወጣ።

ጋሽ ደምሴ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀሩ። ልጁ ይመለሳል ብለው ደረጃውን አዩት። ጀርባው ሲርቅ ፊታቸው ላይ የሆነውን ነገር ለማንበብ የሁለት ዓመት ትምህርት አያስፈልግም ነበር።

«ጋሼ! ምን ማለትዎ ነው?»

«አንዴ እኮ ነው የጠየቀኝ» አሉኝ ዝግ ብለው። «ሰው አንዴ ተጠይቆ እሺ ይላል እንዴ? ሁለተኛ ይለኛል፣ ሦስተኛ ይለኛል ብዬ…»

«እዚህ የተወለደ ልጅ ነው! እዚህ አንዴ ነው የሚጠየቀው! ጥሩዋን ኳስ ቆመው አሳለፏት!»

ኮፍያቸውን አውልቀው ውስጡን ማየት ጀመሩ። እኔ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ያን ቀን ያህል ጠልቼው አላውቅም።

ሕዝቡ እየወጣ ነው። ስታዲየሙ ባዶ እስኪሆን ከቦታችን መነቃነቅ ክልክል ነው፤ ኬቨን ደግሞ አሥር እርምጃ ላይ ቆሟል። አየሁት። ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ፣ የጠፋ ቦርሳ አለ መሰለኝ፣ ወደ ግራ ዞሮ መናገር ጀመረ። ልቡ ዞረች። በረርኩ።

ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለልኩ ወጣሁ፣ በሰው መሃል ሾልኬ መውጫው ድልድይ ላይ ደረስኩባቸው። ትንፋሼ ተቆራርጦ «እማማ፣ ሰውዬው መምጣት ይፈልጋሉ» አልኩ።

«በሞትኩት!» አሉ እማማ አስካለ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ፣ ሽማግሌ አንዴ ጠይቀህ ጥለህ ትሄዳለህ?»

«ባት ማሚ፣ ሂ ሴድ ኖ!»

«ኖ አላሉም! አላስቸግርም ነው ያሉት!» ብለው በያዙት ነጠላ ጫፍ ትከሻውን መቱት። «ተመለስ! ገና ሁለት ጊዜ ይቀርሃል።»

ተመልሶ ወረደ። ከኋላው እኔ። «ጋሼ፣ ፕሊስ ይምጡ» አለ። «ኧረ ተው ልጄ፣ ለጓደኞችህ ስጣቸው» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ዓይናቸው ግን ልጁን አልለቀቀም። ናትናኤል ወደ እኔ ዞሮ አየ፤ በርታ አልኩት በዓይኔ። «በእናቴ ይምጡ» አለ። ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ እማማ አስካለ ሳይሆኑ አልቀሩም።

«እንግዲህ በእናትህ ካልክ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ «ምን አደርጋለሁ?»

ኬቨን ሁለት ጣቱን አሳየኝ። ጋሽ ደምሴም አዩት። «ገና አንድ አለሽ» አሉኝ፣ እንደ ልጅ እየሳቁ። ከዚያ ሄደው ነገ እንደማይሠሩ ለኬቨን ነገሩት። የነገሩት እውነቱን ነው፤ እሳቸው መዋሸት አይችሉበትም። ኬቨን ለካ ሰው ነው፤ ጃኬታቸውን ተቀብሎ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው።

እሁድ ቡናማ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ወንበሩ በእኔ ደረጃ በኩል አራተኛው ረድፍ ጠርዝ ላይ ነው፤ ፊት ለፊቴ። ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝና ተቀመጡ። ጨዋታው ሲጀመር ጠጋ ብዬ «ምን እየሆነ እንደሆነ ይነግሩኛል አይደል?» አልኳቸው።

«አልነግርሽም» አሉ። «አንብቢ።»

አነበብኩ። የዚያን ቀን ሺህ ሰው ትቼ አንድ ሰው ነው የጠበቅሁት። ዓይናቸው በወርዋሪው ላይ አይውልም ነበር፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ እነዚያን በስልክ የማይታዩትን ሰዎች አንድ በአንድ ይጎበኛል። አንዳንዴ ቅንድባቸው ይነሳል፤ የሆነ ሰው ከቦታው ሁለት እርምጃ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ከዚያ እርሳሳቸውን ምላሳቸው ላይ አስነክተው ይጽፋሉ። ናትናኤል ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸው ያስረዱታል፤ ልጁ ሆት ዶጉ በእጁ ቀዘቀዘበት።

ዘጠነኛው ዙር፣ የመጨረሻው አጋማሽ። እኩል ለእኩል ናቸው። ይህን ከናትናኤል አፍ ሰማሁ። ጋሽ ደምሴ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲመጣ አየሁ። ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ዓይናቸው ከሦስተኛው ማረፊያ ወደ መቺው፣ ከመቺው ወደ ሦስተኛው ማረፊያ ተመላለሰ። አንገቴ ላይ ያለው ሥር ሁሉ ወደ ኋላ ይጎትተኛል። ኬቨን ያየኛል። አንድ ነው የቀረኝ።

ስታዲየሙ ጭጭ አለ። የጋሽ ደምሴ እጅ ከደብተሩ ላይ ተነሳ። እርሳሱ ወደቀ፣ ደረጃውን ተንከባለለ፣ እግሬ ሥር መጥቶ ቆመ። እጃቸው አየር ላይ፣ መዳፉ ወደ ታች፣ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ኳ!» የሚል አልሰማሁም። እንጨት በጣት እንደመንካት ያለች ትንሽ ድምፅ ብቻ ነበረች። ከዚያ ዓለም ጮኸ፣ ሰው እርስ በርስ ተቃቀፈ፣ ናትናኤል ወንበር ላይ ወጣ። ጋሽ ደምሴ ግን ቀስ ብለው ተነሱ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ደረታቸው ላይ ያዙት። እንባቸው በክራቫታቸው ላይ ይወርዳል፣ ይስቃሉም። እኔን አዩኝና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ አዎ፣ እሷው ናት እንደማለት። አልዞርኩም። ምን ልሆን ብዬ ነው የምዞረው?

ራሔል ከደወለችልኝ በኋላ ሐሙስ ለቅሶ አርችዌይ ሄድኩ። ናትናኤል ቀድሞኝ መጥቶ ወንበር ያቀብላል፤ እማማ አስካለ ከራሔል ጎን ተቀምጠዋል። እርሳሱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር። ያን ቀን አንስቼ ልመልስላቸው ስል «ያዢው፣ ሌላ ጊዜ ትጽፊበታለሽ» ብለውኝ ነበር፤ ጥቅም አላገኘሁለትም ነበር።

ራሔል ደብተሩን ይዛ መጣች። የዚያን የእሁድ ጨዋታ ገጽ ከፈተችልኝ። ያ ደቃቅ ጽሑፍ፣ ሣጥን በሣጥን፣ አንድ ሳይዛነፍ። መጨረሻ ላይ ግን አንዷ ሣጥን ባዶ ናት።

«አባዬ ሃምሳ ዓመት ሲመዘግብ ባዶ የተወው ይህችን ብቻ ነው» አለችኝ። «ደጋግሜ ጠየቅሁት፣ ትዕግሥት ታውቃለች ብሎ ይስቃል። ምን ነበር? አንቺ አይተሻል?»

«አላየሁም» አልኳት። «ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የቆምኩት።»

እርሳሱን አወጣሁ፣ እንደ እሳቸው ምላሴ ላይ አስነካሁት። ምልክቱን ስለማላውቅ በአማርኛ ጻፍኩት፤ ሣጥኗ ጠባብ ስለሆነች ፊደሌ ተጨናነቀ። «መቺው ዱላውን ዝቅ አደረገ፤ እሱ ወጣ፤ ጓደኛው ገባ። ጋሽ ደምሴ በዓይናቸው አዩ።»